ባዶው መቆንጠጫ

ቂመኛ ነኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል። አንዲት የሥዕል አስተማሪ ላይ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። ማረፋቸውን በስልክ ሲነግሩኝ «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩና ሰሃን ማጠቤን ቀጠልኩ። ቀብራቸው ላይም አልተገኘሁም። ለደወለችልኝ ሴት ሥራ አለብኝ ብያት ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ ምንም ሥራ አልነበረብኝም።

የሚገርመው፣ ዛሬ እኔም የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ የሠሩትን ሁሉ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፤ የሰቀልኩትን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ «አውርጂልኝ» ካላለኝ በቀር አላወርድም። ዳይሬክተሩ «ኧረ ግድግዳው መተንፈሻ አጣ!» ይለኛል። ይጣ እለዋለሁ። ይሄን ደንብ ያወጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

የሦስተኛ ክፍል ክፍላችን ጠባብና ረጅም ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ እስከ ኋላው መስኮት ድረስ ሲባጎ ተወጥሮበታል። ሲባጎው ላይ ሠላሳ አንድ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የአንድ ልጅ ስም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። የሐሙስ ሥራችን እዚያ ይሰቀልና እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ይቆያል። የኔ መቆንጠጫ ላይ የተጻፈው ስሜ ሳይሆን «ፌንጣ» የሚል ነው። እግሬ ቀጭን ስለነበር ቤትም ትምህርት ቤትም የምጠራው በዚሁ ነበር፤ ያወጣችልኝም እናቴ ናት። ከበሩ ሲቆጠር አራተኛው ነው። ዓይኔን ጨፍኜም አገኘው ነበር።

መቆንጠጫዎቹን የደረደሩት የሥዕል አስተማሪያችን ናቸው። ፊት ለፊት ቲቸር፣ ከጀርባቸው ግን እትዬ ሙጫ እንላቸዋለን፤ ጣታቸው ላይ የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅማ። እያወሩ ይልጡታል፣ ልጠው ሳይጨርሱ ሌላ ይነካቸዋል። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ወፈር ያሉ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ ሴት ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «የዓለም ሕዝቦች» የሚሉት ክፍለ ጊዜ አላቸው። ጠርዙ የተበላ የዓለም ካርታ ይዘረጉና በማስመሪያ አንድ አገር ነካ ያደርጋሉ።

«ዛሬ እዚህ ነን!» ይላሉ።

ከዚያ የዚያ አገር ሰው በእጁ ምን እንደሚሠራ ያሳዩናል፤ እኛም እንሠራለን። «የሰው አገር በወሬ አይታወቅም» ይሉ ነበር። «እጃችሁ የሠራውን ነው የምታውቁት።»

እኔ ዓለምን ዞረው የጨረሱ ነበር የሚመስለኝ። ስለ በረዶ ሲያወሩ እጃቸውን ያፋትጋሉ፣ ስለ በረሃ ሲያወሩ አንገታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ ታዲያ እንዴት አላምንም? ኋላ ስሰማ ከተማችንን ለቀው የወጡት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ለዘመድ ሠርግ። ያስተማሩን ሁሉ የተቀዳው ሦስተኛው ቅጽ ከጠፋበት አሮጌ ኢንሳይክሎፒዲያ ነበር። ሦስተኛው ቅጽ ውስጥ የነበሩት አገሮች እኛ ክፍል ሳይታወቁ ቀርተዋል።

ያን ዓመት እናቴ ቤት አልነበረችም። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን አክስቴ «እማዬ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዳለች» አለችኝ። አባቴ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው፤ ስለዚህ የቀረሁት ከእናቴ ታናሽ እህት፣ ከዚችው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ ግማሹን የስፌት መኪናዋ ይዞታል፤ ማታ የምተኛው መኪናው ሥር በተከመረው ቁርጥራጭ ጨርቅ አጠገብ ነው።

«የት አገር ነው የሄደችው?» እላታለሁ።

«ሩቅ ነዋ።»

«ሩቅ ስሙ ማን ነው?»

«ፌንጣ፣ ጣቴን ልሰፋው ነው፤ ዞር በይልኝ!»

ዞር እልላታለሁ። ዞር የምልበት ቦታ ስለሌለ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። የሰፈር ልጆች እናቶቻቸው ከየበሩ ሲጠሯቸው አንድ በአንድ ይገባሉ፤ መጨረሻ ላይ መንገዱ ላይ እኔ ብቻ እቀራለሁ። አክስቴ አልጠራችኝም ማለቴ አይደለም፤ ትጠራኛለች። ግን የአክስቴ ድምፅ ነው።

አገሩን የሚነግረኝ ሲጠፋ ራሴ ልፈልገው ቆረጥኩ። እትዬ ሙጫ ማስመሪያቸውን ያሳረፉበት አገር ሁሉ፣ ለዚያ ሳምንት፣ እናቴ ያለችበት አገር ሆነ።

አክስቴ ደግሞ አንዲት ግራ የምታጋባ ደንበኛ ነበረቻት። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም፤ የሚመጣው የሌሊት ልብሷ ብቻ ነው። ሰማያዊ ነው፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት። በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ ተተኩሶ ጠረጴዛው ላይ አገኘዋለሁ፤ አክስቴ ግራና ቀኙን በስፌት ታጠበዋለች። ስፒል አቀባይዋ እኔ ነኝ።

«አሁንም ከሳች?»

«ከሳች» ትላለች፣ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች።

«ምነው፣ አትበላም እንዴ?»

«ትበላለች። ትንሽ ትንሽ።»

አንድ ቀን «ታዲያ ሁልጊዜ ከምታጠቢላት በልኳ አዲስ አትሰፊላትም?» አልኳት። አክስቴ መኪናውን አቁማ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆየች። ሙያዋን የነካሁባት መስሎኝ ሁለተኛ አላነሳሁትም።

የሌሊት ልብሱ የእናቴ ነበር። ለሆስፒታል ተብሎ የተገዛ ስለሆነ ለብሳው አላየሁም፤ በምን ልወቀው? ሩቅ አገር የተባለው ደግሞ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ፌርማታ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለው የሳንባ ሆስፒታል። ልጆች አያስገቡም። የውኃ ታንከሩ ከሜዳችን ይታያል፤ ገመድ ስንዘል ፊታችንን ወደዚያ አዙረን ነበር የምንዘለው።

መጀመሪያ ሞሮኮ ሆንን። እትዬ ሙጫ ወለልና ግድግዳ በቁርጥራጭ ሸክላ እንዴት እንደሚያጌጥ ነገሩንና ባለቀለም ወረቀት አደሉን። እኔ ኮከቡን በሰማያዊ፣ ዙሪያውን በቢጫ አደረግኩ። ስሠራ እናቴ በዚያ ወለል ላይ ባዶ እግሯን ስትሄድ፣ ሲቀዘቅዛት፣ «ኡፍ!» ስትል እሰማታለሁ። ምላሴን ነክሼ ነው የጨረስኩት። እትዬ ሙጫ ቆመው አዩትና «በእጅሽ ምን አለ ፌንጣ!» አሉ። በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

ዓርብ ጠዋት ስገባ የሠላሳው ልጅ ሥራ ተሰቅሏል። አራተኛው መቆንጠጫ ባዶ ነው።

ሬዲዮ የምንላት ልጅ ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው። ስሟ ለምን ሬዲዮ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «ያስጠላል ብለው ጥለውት ይሆናል» አለች ጮክ ብላ።

በዕረፍት ሰዓት እትዬ ሙጫን ደረጃው ላይ ጠበቅኋቸው። «ቲቸር፣ የኔስ የታለ?»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያንቺ ሥራ ላይ ነው» አሉኝና ጭንቅላቴን ዳሰስ አድርገውኝ ወጡ።

ሥራ ላይ ነው! ወረቀት ምን ሥራ አለው? ልጅ መሆኔን አይተው እንዳሾፉብኝ ገባኝ። ማለትም የገባኝ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፊንላንድ ነን። ገለባ በልኩ ቆርጠን፣ ክር በቀዳዳው አሳልፈን፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ጌጥ ሠራን። «በአጠገቡ ሰው ሲያልፍ ይዞራል» አሉን፤ «ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ ካለ ዝም አይልም።» እኔ ገለባው መሐል ከአክስቴ ቁርጥራጭ የቀደድኳትን ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት፤ እናቴ ፊንላንድ ካለች ትለየው ብዬ ነው። የልጅ ነገር፤ እኛ ክፍል የተሰቀለውን ከፊንላንድ ሆና እንዴት እንደምታየው አላሰብኩበትም። ዓርብ ጠዋት እሱም የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀጠለ። ሌላ ሳምንት ሌላ አገር፣ ሌላ ዓርብ ያው ባዶ መቆንጠጫ። የሌላው ልጅ የአንዱም አይነካም። ሬዲዮ ሙጫ ያንጠባጠበችበት፣ የተቀደደ፣ የተጨማደደ ነገሯ ሳምንቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይታያል። ዓርብ ዓርብ ወደ ክፍል ስገባ ወደ ላይ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ መግባት ጀመርኩ። ግን አያለሁ። ሁልጊዜ አያለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ስወጣ አክስቴና እትዬ ሙጫ አጥሩ ሥር ቆመው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«አልችልም እትዬ» ትላለች አክስቴ። «አስምላኛለች።»

«ልጅ ብትሆንም ዓይን አላት እኮ ልጄ። እኔንም ፊት ነሳችኝ።»

«እባክዎ፤ ትንሽ ይሻላትና ራሷ ትነግራታለች።»

እኔን ሲያዩ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቅ እንኳ አይባልም። ስለኔ እየተማከሩ እንደሆነ አወቅሁ። የትምህርት ነገር መሰለኝ፤ የሥዕል ችሎታዬ እስኪሻሻል ሥራዬ አይሰቀልም ማለታቸው ነው ብዬ። ለካ አክስቴም ታውቃለች! ያን ማታ አላናገርኳትም። እሷም ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሰማያዊውን ልብስ እያጠበበች ነበር።

ከዚያ የጭምብሉ ሳምንት መጣ። ምዕራብ አፍሪካ ነን። ጋዜጣ ቀደን፣ በሙጫ ነክረን፣ ፊኛ ላይ ለጥፈን አደረቅን። «ጭምብል የሚሠራው የሌለን ሰው ለማምጣት ነው የሚሉ አሉ» አሉ እትዬ ሙጫ። ይሄን ከመጽሐፉ ያንብቡት፣ ከራሳቸው ያውጡት አላውቅም። እኔ ግን የማንን ፊት እንደምሠራ ወዲያው ወሰንኩ። እናቴ ግራ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። የጭምብሌ ግራ ጉንጭ ላይ በከሰል አንድ ነጥብ አኖርኩ። ቅንድቡን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሠራሁት። ስጨርስ ፈራሁት፤ መልኳ እየጠፋብኝ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት።

ያን ቀን ወደ ቤት አልሄድኩም። ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። እትዬ ሙጫ በፌስታል የሆነ ነገር አንጠልጥለው ወጡ። ፌስታሉ ስስ ነው፤ ጉንጩና ነጥቡ ይታያል። ቤታቸው በቁልቁለቱ በኩል ሆኖ ሳለ ወደ ኮረብታው የሚወጣውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። የእናቴን ፊት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ አየኋቸው።

በማግስቱ ለሬዲዮ ነገርኳት፤ ማንም ያልነገራትን የምታውቅ ልጅ ናት። «ኮረብታው ጋ የእህታቸው ልጅ አለች» አለችኝ። «ለሷ ነው የሚወስዱላት፤ እኔ ነኝ የሠራሁት እያለች ታሳያለች።» ይቺ የእህት ልጅ የምትባል ፍጡር ኖራም አታውቅም። ግን ሳምንቱን ሙሉ አየኋት፤ ወፍራም ጉንጭ አላት፣ የእናቴን ፊት አጥልቃ ትስቃለች።

ሐሙስ መጣ። እትዬ ሙጫ ካርታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ የጥርስ ብሩሽ የሞላበት ቆርቆሮ አንጠልጥለው ገቡ። ገና በሩን ሳይዘጉ ተነሳሁ።

«ሌባ!»

እንዲህ ነው ያልኳቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እትዬ ሙጫ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ከጣታቸው ሙጫ ላጡ፣ እንደገና ላጡ። ዳይሬክተር ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ ይሉኛል ብዬም ጠበቅሁ።

«በይ ተቀመጪ» አሉኝ። ካርታውን ዘረጉት። ማስመሪያቸውን አርጀንቲና ላይ አሳረፉ። «ዛሬ… ዛሬ እዚህ ነን።»

ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች በአንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቀለም እንደነፉበት ነገሩን። እጁ ሲነሳ ዙሪያው ቀልሞ እጁ ብቻ ያልተቀለመ ሆኖ ይቀራል። «እዚህ ነበርኩ ማለታቸው ነው» አሉ። እኛ በአፍ ከምንነፋ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክረን በጣታችን እየጫርን እንድንረጨው አሳዩን። ክፍሉ በአንዴ ተተራመሰ፤ ሁሉም ክርኑ ድረስ ቀላ።

እኔ አልሠራሁም። ነጩን ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት።

እትዬ ሙጫ መጡ። አጠገቤ በርከክ አሉ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፌንጣ፣ የፈለግሽውን ስደቢኝ» አሉኝ። «ዛሬን ብቻ ሥሪልኝ። እጅሽን አንድ ጊዜ አሳርፊው፤ እኔ እረጨዋለሁ።»

«አልሠራም።»

«ስለ እናትሽ ብለሽ።»

«እናቴ ሩቅ አገር ናት!» አልኩ፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማ።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ከጀመርኩ ይሄንንም ልናገር፤ ደስ አለኝ። ደወሉ ሲደወል ወረቀቱን ባዶውን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ብሩሽና ቀለምም ከተቱ። ባዶ ወረቀት እንኳ አይምሩም ብዬ አሰብኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ሒሳብ እየተማርን፣ አክስቴ ክፍላችን በር ላይ ቆመች። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር የመጣችው። ወደ ቤት ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ እናቴ እንደሞተች፣ ቀጥሎ የት እንደሞተች። ዞር ብዬ የውኃ ታንከሩን አየሁ። ሁለት ፌርማታ። በእግር ደርሼ መመለስ እችል ነበር። አክስቴ ላይ የጮህኩትን ሁሉ አላስታውሰውም፤ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ እንዳየን ግን አስታውሳለሁ።

የሐሙስ ሥራዎቼ የት እንደሄዱ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም። ትምህርት ቤት ስመለስ የኔ መቆንጠጫ መሙላት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድም ሥራዬ ተነስቶ አያውቅም። ሌባ ስላልኳቸው ፈርተው ነው፤ እንኳንም አልኳቸው ብዬ ይሄን እንደ ድል ይዤው አደግሁ። ዓመቱ ሲያልቅ እትዬ ሙጫ ለየልጁ መቆንጠጫውን ሰጡ። የኔን ጠረጴዛው ላይ ጥዬባቸው ወጣሁ።

ባለፈው ወር አክስቴ ቤቷን ለቃ ከልጇ ጋር ልትኖር ስትዘጋጅ ዕቃ ላሰናዳላት ሄድኩ። ስልሳ አልፏታል፤ ዓይኗ መርፌ ማየት ካቆመ ቆይቷል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። «ቀስ! የሸክላ ዕቃ እኮ ነው፣ የመንግሥት ዕቃ አደረግሽው?» እያለች ስታዘኝ ቆየችና የስፌት መኪናውን ሳንቃ አነሳች። ከሥሩ በጥብጣብ የታሰረ ሰፊ ካርቶን አወጣች።

«ምንድን ነው?»

«ያንቺ ነው። ፍቺው።»

ፈታሁት። ከላይ ሰማያዊ ኮከብ አለ፣ ዙሪያው ቢጫ። ከሥሩ የተጣጠፈ ገለባ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጭምብሉ አፍንጫው ተጨፍልቋል፤ ግራ ጉንጩ ላይ ያለው ነጥብ ግን አልደበዘዘም። አሥራ አንድ ናቸው። አገላበጥኳቸው። የሁሉም ማዕዘን ላይ ቢጫ የሆነ ፕላስተር አለ፤ የሐኪም ቤት ፕላስተር።

ቁጭ አልኩ። ወንበር ላይ አልነበረም።

«ሐሙስ ሐሙስ ነበር የመጠየቂያ ሰዓቱ» አለች አክስቴ። «ከትምህርት ቤት ቀጥታ ይመጡ ነበር፣ እትዬ። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ይለጥፉላታል። ነርሷ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ፕላስተሩን ራሷ ትቆርጥላቸው ጀመር። በሽተኞቹ ሁሉ ሐሙስ ሲደርስ "ዛሬ የት አገር ነን?" ይሉ ነበር እኮ። ገለባውን ከአልጋዋ በላይ ሰቀሉላት። ስታስል ይዞራል። እሷ ግን "ስስቅ ነው የሚዞረው" ትል ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ ሆኜ እንዳታስበኝ ብላ አስምላኝ።»

«ከሞተች በኋላስ?»

«ከሞተች በኋላ ሴትዮዋን ሌባ ማለትሽን ሰምቼ ነበር። ይሄን ሰጥቼሽ ምን ልትሆኚ ነው? ትንሽ ትደግ አልኩ።»

«አርባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው!»

«አንቺማ አደግሽ» አለች። «እኔ ነኝ መንገሩን የፈራሁት። በቆየ ቁጥር ደግሞ ባሰ።» አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። «ከሥር አንድ ቀርቷል።»

ከሥር የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። ግራው ግማሽ በቀይ ቀለም ተረጭቷል፤ መሐሉ ላይ የአንዲት ሴት ግራ እጅ አለ፣ ያልተቀለመ፣ ነጭ። ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው። ቀኙ ግማሽ ምንም የለበትም። ወረቀቱን አወቅሁት።

«ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ነግረዋታል፣ ቀጥሎ እጅ ነው የምንሠራው ብለው» አለች አክስቴ። «ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የላትም። "የፌንጣዬን እጅ አየዋለሁ፤ ምን ያህል እንዳደገ በራሴ እለካዋለሁ" ትላለች። ያን ቀን ትራስ አስደግፊኝ ብላኝ ተቀምጣ ነበር የጠበቀችን። እትዬ አውቶቡሱ ላይ ሁሉን ነግረውኛል፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ገባን። እጇን ዘረጋች፤ "በሉ አምጡት" አለች።»

«ባዶ ወረቀት ሰጧት?»

«ሰጧት። ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ? "ፌንጣ መጀመሪያ እማዬ ታድርግበት፣ ከዚያ እኔ ከጎኗ አደርጋለሁ ብላ ላከችኝ" አሉ። ምራቃቸውን እንኳ ሳይውጡ! እሷ ሳቀች። "ነገረኛ፣ ወረፋ አስያዘችኝ" አለች። እጇን እኔ ነኝ ዘርግቼ የያዝኩላት፤ በራሷ አይቆምላትም ነበር። እትዬ በብሩሽ ረጩት። አንሶላውን ሁሉ ቀይ አደረጉት፣ ነርሷ ጮኸች።» አክስቴ ሳቀች፣ እያለቀሰች። «"ቶሎ መልሱልኝ፣ የሷን ከጎኔ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። እትዬም ለሚቀጥለው ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ አሏት።»

ሐሙስ ሳይደርስ ማክሰኞ ሆነ።

«ከቀብሩ በኋላ ለኔ ሰጡኝ» አለች። «"ንዴቷ ሲበርድላት ስጫት፤ ቦታዋን ትቼላታለሁ" አሉኝ። የትም ቢያገኙኝ ሰላም ካሉኝ በኋላ ስለሷ ነበር የሚጠይቁኝ፤ "ፌንጣ በረደላት?" ነበር የሚሉት። እስኪሞቱ ድረስ።»

እሑድ ዕለት፣ ሰሃን ሳጥብ።

ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። የተተወልኝ ቦታ ትንሽ ናት። እትዬ ሙጫ የእናቴን እጅ ወደ ግራው ጠርዝ አስጠግተው ከጎኗ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚያህል ቦታ አስተርፈዋል፤ ልኩን ያውቁታል፣ ሐሙስ ሐሙስ ሲያዩት ነበር። ቀኝ እጄን አሳረፍኩበት። አውራ ጣቴ የእናቴ አውራ ጣት ላይ ወጣ፣ ትንሿ ጣቴ ከወረቀቱ ውጪ ወለሉ ላይ ቀረች። አነሳሁት፣ ጣቶቼን ገጥሜ እንደገና ሞከርኩ።

አክስቴ ከበላዬ ቆማ ታያለች።

«ጠበበሽ?» አለችኝ፣ ልብስ እንደምታስለካ።

«ጠበበኝ» አልኳት።